የባለቤቴ አጎት፣ የጌዶው በግ ነጋዴና የኋላው ሰርቪስ

ቤት አከራይቶ ለመጠቀም የሚያስብ ሰው አስቀድሞ አጎት የሌላት ሚስት ቢያገባ ይበጀዋል። እኔ ይህን የሚነግረኝ አጣሁ። የባለቤቴ አጎት ጉደር ላይ በርካታ የኪራይ ክፍሎች አሏቸው። እኔም አምቦ ላይ በመምህር ደመወዝ ከቤቴ ኋላ አራት ሰርቪስ ክፍሎች ልሠራ ስነሣ፣ ሲሚንቶው ሳይደርስ እሳቸው ደረሱ።

ምክራቸው አጭር ነበር። ልጅ ላለው ሰው አታከራይ፣ ግድግዳህን ደብተር ያደርገዋል። ብዙ ለሚጠይቅ አታከራይ፣ ሳይገባ የጠየቀህ ከገባ በኋላ ይከስሃል። አለባበሱ የሚያምር፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ፈልግ። ግቢያችን ዋልካ አፈር ስለሆነ ከግድግዳው ሥር የዝናብ ውሃ መውሰጃ ቦይ ላስቆፍር ብላቸው ሳቁብኝ።

"ውሃ ትምህርት ቤት ባይገባም ቁልቁለት ያውቃል" አሉኝ።

ቦዩ ቀረ። የኪራይ ውላቸውንም ሰጡኝና እንዳለ ገለበጥኩት። እንግዳ ማሳደር፣ ጫት መቃምና ሙዚቃ ማስጮህ ክልክል ነው ይላል።

ለጥቂት ዓመታት ደህና ሄድን። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ወጣት መምህራን ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ውሃው ቁልቁለቱን አውቆ እግድግዳችን ሥር መተኛት ከመጀመሩ በስተቀር የሚያስከፋ ነገር አልነበረም። ከዚያ ኮሮና መጣ። ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ሦስቱ ክፍሎች ባዶ ቀሩ። በአራተኛው ውስጥ አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ እርስ በርሳቸው ከመተያየት አልፈው ግቢውን ያዩት አይመስለኝም።

በዚያው ክረምት ከጌዶ አንድ ሰው መጣ። ኮት ለብሷል፣ ጥቁር ጃንጥላ ይዟል፣ ጫማው በዚያ ሁሉ ጭቃ ውስጥ ያበራል። ክፍሉን አሳየሁት። ስለ ውሃው አልጠየቀም፣ ስለ መብራቱም አልጠየቀም። ሽንት ቤቱ አንድ ብቻ መሆኑን ስነግረው "ራኮ ህን ቀቡ" አለ፤ ችግር የለውም ማለቱ ነው። ውሉንም ፈርሞ ዕለቱን ገባ። ለአጎትየው ደውዬ ሁኔታውን ስነግራቸው፣ ይሄ ሰው እኮ ለኔ መላክ ነበረበት ብለው ቀኑብኝ።

ጳጉሜን ላይ አንድ ማለዳ ባለቤቴ ጎኔን ነካ አድርጋ፣ ጓሮ በግ ይጮሃል አለችኝ። የጎረቤት ነው አልኳት። ቀጥሎ ብዙ ሆነው ጮሁ። ጃንጥላ ፈልጌ ወጣሁና የሰውዬውን በር አንኳኳሁ። ከፈተልኝ። ክፍሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በግ ነው። እሱ ራሱ ኮቱን እንደ ለበሰ አልጋው ላይ እግሩን ሰብስቦ ተቀምጧል፣ አንዲት ነጭ በግ ብርድ ልብሱን ታኝካለች።

ምንድን ነው ይሄ አልኩት። ለእንቁጣጣሽ ገበያ ያመጣቸው መሆናቸውን፣ ውጪ ቢያሳድራቸው ዝናቡ እንደሚጎዳቸው በእርጋታ አስረዳኝ። ያን ያህል ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

"ውላችን እንግዳ ማሳደር ይከለክላል" አልኩት።

"እኔስ ሌላ ሰው መቼ አመጣሁ?" አለኝ።

መለስኩና ውሉን አነበብኩት። በጎቹ ጫት አይቅሙም፣ ሙዚቃም አላስጮሁም። ከመስመር እስከ መስመር ብፈልግ የሚያስወጣቸው ቃል አጣሁ።

አጎትየውን ጠራኋቸው። ከጉደር ዱላ ይዘው መጡ፣ "እንዲህ ያለውን እኔ አውቅበታለሁ" ብለው ገቡና በሩን ከውስጥ ዘጉት። ጭቅጭቅ ስጠብቅ ሳቅ ሰማሁ። በመጨረሻ አንድ ደልዳላ ሙክት በገመድ እየጎተቱ ወጡ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ዋጋም አያንርም፣ እስከ በዓሉ ታገሠው አሉኝና ሙክቱን ባጃጅ ላይ ጭነው ሄዱ። ባለቤቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ ግን ከልቤ ተናድጄ ስለነበር የበዓሉን ዶሮ እንኳ በኩርፊያ ነው የበላሁት።

ሰውዬው ከበዓሉ ማግስት በጎቹን ጨርሶ፣ እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ ሄደ። ሽታው ቀረ። ወለሉን በበረኪና አጠብን፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባን። ፀሐይ በወጣች ቁጥር ግን በጎቹ ተመልሰው የመጡ ይመስል ነበር። ቤት ፈላጊ ሁሉ በሩ ላይ ቆም ብሎ አፍንጫውን ያሻሽና ደውላለሁ ብሎ ይሄዳል።

በመጨረሻ ከሦስት ልጆቿ ጋር አንዲት ሴት መጣች። መናኸሪያ ውስጥ ለሚኒባሶች ተራ የምትሰጥ ናት፤ ሹፌር ሁሉ ይፈራታል። ገና በር ላይ ሆና መጠየቅ ጀመረች። ቆጣሪው የጋራ ነው ወይ? ሽንት ቤቱን ማን ያጸዳል? የጣሪያው ውሃ የት ይወርዳል? ግድግዳውን በጣቷ ፋቅ አድርጋ እርጥበቱን አየች። ከዚያ አሸተተችና "እዚህ በግ ታስሮ ነበር?" አለችኝ። ነበር አልኳት፤ ምን ልዋሽ። ሽታውን እኔ እወጣዋለሁ፣ አንተ ቦይ አስቆፍር፣ ያኔ እገባለሁ አለች። ሌላ የመጣልኝ ሰው ስላልነበረ ቦዩን አስቆፈርኩ። የሚቀጥለው ክረምት ሲመጣ የግድግዳው ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ ደርቆ ከረመ።

እሷ ከገባች በኋላ ግቢው መናኸሪያ ሆነ። ለየክፍሉ ትንንሽ ቆጣሪ አስገጠመችኝ፤ በመብራት መጣላት ቀረ። ሽንት ቤት የማጽዳትም ተራ ወጣ። አንድ ቅዳሜ ጋዜጣ ይዤ ፀሐይ ስሞቅ መጥረጊያውን አምጥታ ከጎኔ አስደገፈችው።

"መምህር፣ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው።"

እኔ እኮ አከራዩ ነኝ አልኳት።

"አከራይ አይጠቀምም እንዴ?" አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

አጸዳሁ። ባለቤቴ በመስኮት እያየችኝ ነበር፤ በትዳራችን እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አላየሁም።

ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ቤት ተወደደ፤ አንድ ወንደላጤ መምህር ለዚያች ክፍል የተሻለ ኪራይ አቀረበልኝ። አጎትየው ወዲያው ደረሱ። የልጆች መንጋ ከምታስቀምጥ ወንደላጤውን አስገባ፣ ለወንድሜ ልጅ ፈልጌው ነው በላት አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ሸፍቶ ነበር። ለሴትዮዋ የምነግራትን እየተለማመድኩ ሳለ ባለቤቴ ሰማችኝ።

"እሷ የወጣች ቀን እኔም አብሬያት እወጣለሁ" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ወንደላጤውን ጉደር፣ አጎትየው ዘንድ ላክሁት። ከገባ በኋላ ቀንና ሌሊት ክራር የሚለማመድ ሰው ሆኖ ተገኘ። እሳቸውም ለወራት አላነጋገሩኝም፤ ያ ጊዜ ለኪራይ ሥራችን እጅግ የተመቸ ነበር።

ሴትዮዋ ዛሬም አለች። ባለፈው ጊዜ ኪራይ ልጨምር ነው ስላት አልተከራከረችም፤ እንግዲያው ግድግዳው ይቀባ አለች። ቀለሙን የመረጡት ልጆቿ ናቸው፣ ዓይን የሚያፈዝ ብርቱካናማ። ቀቢ ውድ ስለሆነ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ መሰላል ላይ ዋልኩ። ትንሹ ልጅ ከታች ቆሞ ያመለጠኝን ቦታ በጣቱ ያሳየኝ ነበር።