ሪኦክ የዱር ሰው የተባለበት ቅበላ

ሪኦክ ከሰል አክሳይ ነበር። የተወለደው በእኛው በብሪታኒ ደን ውስጥ፣ አባቱ በቆለለው የእንጨት ክምር አጠገብ ነው፤ ሚስቱን የቀበረውም እዚያው ነው። እሁድ እሁድ ፊቱን ይታጠባል፣ ጥቁረቱ ግን ለቆት አያውቅም። እኔ ቀጥቃጭ ነኝና ከሰሌን ከእሱ እወስድ ነበር። ወሬ አይወድም፤ ስንገናኝ የማወራው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ፈረሰኛው ጌታ ጎዝሊን የሚወዳት ወይዘሮ በሰው ፊት ብታዋርደው አእምሮውን ሳተ፤ ልብሱን ጥሎ ጫካ ገባ። ሪኦክ ያገኘው በአራት እግሩ እየሄደ ከዱር አሳማዎች ጋር የባሉጥ ፍሬ ሲሻማ ነው። ብርዱ እስኪያልፍ የአጃ ገንፎ በእጁ እያጎረሰ፣ የራሱን ለምድ እያለበሰ አከረመው። ልቡ ሲመለስለት ጥፍሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ያውም በፈረስ ኮቴ መቁረጫ፤ ሌላ መቀስ አልቆርጠው አለ።

ጎዝሊን ያየውን እንዳይናገር ሪኦክን በመስቀል አስማለው። ጎዝሊንም በፋንታው ውለታውን ሊመልስ ቃል ገባ። የአገሩ ገዥ በደኑ የሚኖር ሁሉ ይውጣ ብሎ ነበርና፣ ሪኦክ የፈለገው ጎጆው እንዳይነካበት ብቻ ነው።

«ለቅበላ የዱር ሰው ሁንና ና» አለው ጎዝሊን። «ገዥው ፊት ጭምብልህን አወልቅና ያዳነኝ ይሄ ነው እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ይነካሃል?»

እኛ ዘንድ ጾም ሊገባ ሲል አንድ ሰው ከቅርንጫፍ የሚንጠለጠል የዛፍ ሽበት ገላው ላይ ተለጥፎበት፣ ጭምብል አጥልቆ የዱር ሰው ይሆንና ጫካ ይደበቃል። ሕዝቡ አድኖ፣ በገመድ አስሮ ገዥው አዳራሽ ያስገባዋል፤ ተስቆና ተጠጥቶ ይፈታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ይቅርብህ» አልኩት ሽበቱን እየለጠፍኩለት። «ያኔ ራቁቱን ነበር፣ አሁን ለብሷል።»

«ከእጄ የበላ ሰው ነው» አለኝ።

ጎዝሊን ገመዱን ራሱ ይዞ አስገባው። ከዚያ ያን ሁሉ ወራት የት እንደከረመ ተረከ፤ ለካ፣ እንደ እሱ አባባል፣ ይህን አውሬ ሲታገል ኖሯል። ወይዛዝርቱ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ሪኦክ የጨዋታው ክፍል መስሎት ጠበቀ።

«ጌታዬ፣ ንገራቸው እንጂ» አለ በመጨረሻ።

«መናገርም ይችላል እንዴ?» አለ አንዱ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ሪኦክ ጭምብሉን አወለቀ። አንዲት ወይዘሮ ጥቁር ፊቱን አየችና «ከሥሩም ያው ነው» አለች። ገዥው ደስ ብሎት ደኑን ለጎዝሊን ሰጠው፣ ከዱር ሰዎች እንዲያጸዳው። ከሕዝቡ መሃል ልናገር ብድግ ስል ሪኦክ አየኝና ተው በሚል ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ እኮ አልማልኩም» አልኩት ውጭ።

«ከእሱ አፍ ነበር መስማት የፈለግኩት» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

በሳምንቱ ጎጆውን አቃጠሉት። ሪኦክ ወደ ባሕሩ ወርዶ ጨው ያወጣል ይሉኛል።

ጎዝሊን ባለፈው ለፈረሱ የኮቴ ብረት ሊያስመታ መጣ። ያንኑ የኮቴ መቁረጫ ከግድግዳው ሳወርድ እጆቹን ካባው ውስጥ ከተታቸው።

«ሌላ የለህም?» አለኝ።

«የለኝም፣ ጌታዬ። ሁሉንም የምቆርጠው በዚሁ ነው።»

ፈረሱን ብረት ሳያስመታ እየጎተተ ሄደ።