ባለቤት የለውም

የሙታንን ፊት በመቀስ እየቆረጥኩ ነው የምኖረው። እንጀራዬ ነው። የውጭ አገር ሙዚየሞች አሮጌ ፎቶዎቻቸውንና ሥዕሎቻቸውን ኢንተርኔት ላይ ይለቃሉ፤ የቅጂ መብታቸው ዘመን ያለፈ ስለሆነ ማንም አውርዶ እንደፈለገ ሊያደርጋቸው ይችላል። እኔም አወርዳለሁ፤ አሶሳ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ሱቄ አትማለሁ፤ ቆርጬ ጠንካራ ወረቀት ላይ እለጥፋለሁ። የልደት ካርድ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የደብተር ልባስ ይወጣቸዋል። በከተማው ይህን ሥራ የሚችል ከእኔ ሌላ የለም፤ ይህንንም ለሰው ሁሉ መናገር ሰልችቶኝ አያውቅም።

ጎረቤታችን የበርታ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ገበያ ተቀምጣ ከርከዴ፣ ያንን ለሻይ የሚፈላ ቀይ አበባ፣ እየሸጠች አንድ ሴት ልጇን ዩኒቨርሲቲ ድረስ አስተማረች። እኔ በሠፈራ ከወሎ የመጡ ሰዎች ልጅ ነኝ፤ እናቴ የአልጋ ቁራኛ ሆና እስክትሞት ድረስ ያስታመመቻት ይቺው ሴት ናት። እትዬ እላታለሁ። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን ሴቷን ከልጅነቴ ጀምሮ «አንተ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። እኔ ደግሞ አነጋገሯን ሰው ፊት እየደገምኩ አስቅባት ነበር።

አንድ ቀን ሱቄ መጣች። ልጇን የመንጌ ወርቅ ነጋዴዎች ለልጃቸው ጠይቀዋታል።

«ሀብታም ነው፤ እኛን እንዳይንቅ» አለችኝ። «የሠርጉን ወረቀት አሳምረህ ሥራልኝ።»

ከዚያ በፊት እትዬ ሰው ይንቀኛል ብላ ስትፈራ አይቻት አላውቅም። ልጇ በባሏ ቤት አንገቷን ቀና አድርጋ እንድትኖር ነበር የፈለገችው፤ ሌላ የጠየቀችኝ ነገር የለም።

ከአንድ ሙዚየም ገጽ ላይ በጣም የቆየ ፎቶ አገኘሁላት። የዚሁ የእኛ አገር ወጣት ሴት ናት፤ አንገቷ ላይ ዶቃ፣ በየጉንጯ ሦስት ሦስት ጠባሳ አላት። ከሥሯ በእጅ የተጻፈ የእንግሊዝኛ መስመር አለ። እትዬ ስታያት የራሷን ጉንጭ ዳበሰች፤ እሷም እንደዚያው ሦስት ጠባሳ አላት።

«ይሄ ሴትዮ የማነው?» አለችኝ።

የማን ልጅ ናት ማለቷ ነበር። እኔ ግን የፎቶውን ባለመብት የጠየቀችኝ መሰለኝ።

«ባለቤት የለውም» አልኳት። «ማንም ይወስደዋል።»

እሷ ባለቤት ሲባል የምታውቀው ባልን ነው። «የለውም» ብልም «የላትም» ብልም ለእሷ ጆሮ አንድ ነው። ያላገባች ልጃገረድ ናት፤ የፈለገ ይጠይቃታል ያልኩ መሰላት። «ባል የለውም! ለሠርግ ጥሩ ነው» ብላ ሳቀች። መሳሳቷ ወዲያው ገባኝ፤ አላረምኳትም። ለጓደኞቼ የማወራው ቀልድ አገኘሁ ብዬ ነበር።

የእንግሊዝኛውን መስመር አንብቤዋለሁ። «ከቤኒሻንጉል የተገዛች ባሪያ» ነው የሚለው። በመቀስ ብቆርጠው ያልቅ ነበር። ግን የእጅ ጽሑፉ ያምራል፤ ቡናማው ቀለም ከዶቃው ጋር ይሄዳል፤ ካርዱም የድሮ ደብዳቤ መልክ ያገኛል። ደግሞስ ማን ያነበዋል አልኩ። የሚጠሩትን ሰዎች ሳላውቃቸው ናቅኳቸው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ሙሽራዋ አነበበችው። ካርዶቹ ሳይታደሉ ብቻዋን ሱቄ መጣች።

«እህቴ፣ እባክሽ ይቺን ከታች ያለችውን ቁረጪልኝ» አለችኝ። የእሷ አማርኛ ከእኔም የጠራ ነው። «እማዬ ግን እንዳትሰማ። ፎቶዋን በጣም ወዳታለች።»

የካርዶቹን ዳር በሙሉ በወርቃማ ወረቀት ከፍፌ ጨርሻለሁ፤ ከታች ከተቆረጠ ክፈፉ ይበላሻል። ይህንኑ ነግሬ መሸኘት እችል ነበር። አፌ ግን አያርፍም።

«ምነው እንዲህ አስደነገጠሽ?» አልኳት። «ዘመድሽ ናት እንዴ?»

የያዘችውን ካርድ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከዚያ «እሺ» ብላ ወጣች።

በኒካሁ ቀን የሙሽራው አክስት ካርዱን ይዛ እትዬን አስጠራቻት። ካርቱም የተማረች ሴት ናት፤ እንግሊዝኛም አማርኛም ታውቃለች። ይህች ማን ናት ብላ በቋንቋቸው ጠየቀቻት። እትዬ በዚያው በቋንቋቸው መመለስ ስትችል፣ የከተማ ነገር በከተማ ቋንቋ ያምራል ብላ፣ የእኔን ቃል እንዳለ በአማርኛ ደገመችው።

«ባለቤት የለውም! ማንም ይወስደዋል!»

አክስትየው ጽሑፉን በጣቷ እየተከተለች አጠገቧ ላሉት ሴቶች ቀስ ብላ ተረጎመችላቸው። ሳቁ ከምንጣፍ ምንጣፍ ዞረ። እትዬ ትርጉሙን አልሰማችም ነበርና የደስታ ሳቅ መስሏት አብራቸው ሳቀች። ሙሽራዋ አንገቷን እንደደፋች ሁሉንም ሰማች። እኔም እዚያው ሩዝ እየበላሁ ነበር። ዝም ያልኩት ደንግጬ አይደለም፤ ካርዱን የሠራችው እሷ ናት ብለው ሌላ ደንበኛ እንዳያሳጡኝ ነው።

ወሬው ከመንጌ ለገበያ በሚመጡ ሴቶች በኩል ይደርሰኝ ጀመር። አክስትየው ልጅቷን በስሟ ጠርታት አታውቅም። «እስቲ ማንም ይወስደዋልን ጥሩልኝ» ነው የምትለው። ልጆቹም ለምደውታል፤ ባልየውም ሲሰማ ፈገግ ይላል ይላሉ። ልጅቷ ስሙን ያወጣችላት የገዛ እናቷ እንደሆነች ነው የምታስበው። ለዒድ አልመጣችም። ለቀጣዩም ዒድ ቀረች።

በዒዱ ማግስት እትዬ ሱቄ መጥታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ከስታለች።

«ስልክ አያነሳም» አለችኝ። «ምን በደልኩት? አንተ ተምረሃል፤ ንገረኝ።»

እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ካርዱን የሠራሁት እኔ፣ ቃሉን አፏ ላይ ያኖርኩት እኔ፣ ልጅቷ ስትለምነኝ የሰደብኳት እኔ። ያንን ብነግራት በዚያው ቀን መኪና ተሳፍራ መንጌ ትሄድና ልጇ እግር ላይ ትወድቅ ነበር። እኔን ግን ዓይኔን ማየት አትፈልግም። ይህን ፈራሁ።

«ሀብት ነው፣ እትዬ» አልኳት። «ከርከዴ የምትሸጥ እናት አሳፈረቻት። ልጅ እንዲህ ነው።»

ስልኳን አወጣች። ማንበብ አትችልም፤ የልጇን ቁጥር የምትለየው አጠገቡ ባለው ፎቶ ነው።

«እኔን ካፈረ አጥፋልኝ» አለችኝ። «እንዳልለምነው።»

ተቀበልኳት። ፎቶው ላይ ልጅቷ የምረቃ ልብሷን ለብሳ ትስቃለች። ስልኩ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ የሚለውን ነካሁ።

«ጠፋ?» አለችኝ።

«ጠፋ» አልኳት።

«አላህ ይስጥህ፣ ልጄ» ብላ ተነሳች።