ያልተሰማኝን «ይሰማኛል» ያልኩ ሰሞን

አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ነበርኩ። ቢሮ እንኳ ስልክ የማናግረው ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደድኩ ነው። እንዲህ ያለችዋ እኔ ህብለ ሰረሰሬ ተቆጥቶ፣ ሁለቱም እግሮቼ ደንዝዘው በሁለት ቀን ውስጥ አልጋ ላይ ዋልኩ። ሆስፒታል ሰንብቼ፣ በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት ጨርሼ ስወጣ ቀኝ እግሬ ትንሽ ተመለሰ። ግራው ግን የሰው እግር መሰለኝ።

መሃል ከተማ አንድ ክሊኒክ ቀጫጭን መርፌዎች ሰክቶ፣ በሽቦ ከትንሽ ማሽን ጋር አያይዞ ኤሌክትሪክ የሚለቅ ሐኪም አለ ተባለና ሄድን። ሰውየው አልዋሸኝም። የነርቭ ሐኪምሽን ክትትል እንዳታቋርጪ፣ ይሄ ሊረዳሽም ላይረዳሽም ይችላል አለኝ። ሥራው ግን በእኔ አፍ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ቁልፉን ጥቂት ያዞርና «ተሰማሽ?» ይላል። ካልተሰማኝ ይጨምራል ወይም የመርፌውን ቦታ ይለውጣል፤ ከተሰማኝ እዚያው ላይ ያቆማል።

በሦስተኛው ቀን «አይ» ማለት ሰለቸኝ። ጎንበስ ብሎ እንደዚያ በተስፋ ሲያየኝ አፈርኩ። እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ከፊቴ አትነቅልም። የጸሎት ቡድኗ እህቶች በተራ እየጾሙልኝ ነው። ይሉኝታ ያዘኝና «ይሰማኛል» አልኩ። ካርዴ ላይ ጻፈው።

በሳምንቱ የግራ አውራ ጣቴ በማሽኑ ምት ብድግ ብድግ ሲል እናቴ አየች። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጃችን የጉዱማሌን ሜዳ ሳያልፍ ለቡድኑ መሪ ደወለች። እሁድ ጉባኤ ፊት ወጥታ መዳኔን ልትመሰክር ተቀጠረላት። ማሽኑ ሲቆም ጣቴም እንደሚቆም ግን ልብ አላለችም።

ከዚያ በኋላ ሰላም አጣሁ። ሾርባው ቀዘቀዘ ብዬ እቆጣለሁ፣ ሲሞቅልኝ ደግሞ አቃጠለኝ ብዬ እገፋዋለሁ። ንዴት አልነበረም፤ ፈርቼ ነው። እህቶች ድናለች ብለው ጾማቸውን ከፈቱ፣ ሐኪሙም ይበቃሻል ካለኝ፣ እኔና ይሄ እግር ብቻችንን መቅረታችን ነው።

ዓርብ ዕለት መርፌዎቹ እንደተሰኩ ሐኪሙ ቁልፉን አዞረ።

«ተሰማሽ?»

«አልተሰማኝም። ከመጀመሪያውም ተሰምቶኝ አያውቅም።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ካርዴን አነሳና የጻፈውን ሰረዘ፤ መርፌዎቹንም አንድ በአንድ ይነቅል ጀመር፣ እንደገና ሊጀምር። እናቴን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ቦርሳዋን ስትከፍት፣ ከዚያ ስትደውል ሰማኋት።

«እሁድ አልመሰክርም» አለች። «ልጄ አልዳነችም። እባካችሁ ጾም ጸሎቱን አታቋርጡ።»

እስከዚያ ቀን «አልዳነችም» የሚለውን ቃል ማንም ደፍሮ ተናግሮት አያውቅም ነበር። የተኛሁበት ትራስ እስኪርስ አለቀስኩ፤ ሐኪሙም እስክረጋጋ ድረስ ማሽኑን ሳይከፍት ጠበቀኝ።