ጠበቃውን የረገምንበት ዓመት

ባሌ የሞተው በድንበር ነው። ጎረቤታችን ጉና ግርጌ ካለው የገብስ ማሳችን ሁለት ትልም ገፍቶ አረሰ። ባሌ ሊጠይቀው ሄደ፤ በቃሬዛ መለሱልኝ። ይህችን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ከቀብሩ በኋላ ደብረ ታቦር ልጄ ዘንድ ወረድኩ። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነው፤ ከአንድ ጓደኛው ጋር ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ገዳዩ ተይዞ ክስ ተመሥርቶበት ስለነበር እኔ ቀጠሮ በመጣ ቁጥር ነጠላዬን አዘቅዝቄ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። ወጣቶቹ ለእኔ ሲሉ አብረውኝ ይሄዱ ነበር እንጂ በነገሩ አያምኑም።

«እማማ፣ ጠበቃና አልቃሽ አንድ ናቸው» አለኝ ጓደኛው። «የጠራቸው ቤት ሄደው ያለቅሳሉ። ሟቹን ማወቅ አያስፈልጋቸውም።»

«አልቃሿስ እንባ ታወጣለች» አለ ልጄ።

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

የገዳዩ ጠበቃ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። የእኛ ምስክር፣ አንድ ሽማግሌ፣ በቀረቡ ዕለት «አባቴ፣ ያን ጠዋት ጉም ነበር?» አላቸው።

«ጉና ላይ ጉም የሌለበት ጠዋት አለ እንዴ?»

ችሎቱ ሳቀ። «እንግዲያስ በዚያ ጉም ውስጥ ማንን ለይተው አዩ?» ሲላቸው ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው አዩኝ።

«አባባን ሁለተኛ ገደሏቸው» አለ የልጄ ጓደኛ በጆሮዬ። ስንወጣ ጠበቃውን «ምላስህ ይታሰር» ብዬ በሰው ፊት ረገምኩት። ልጄ አልተራገመም። «ዳኛው የሚያየው መዝገብ ነው፤ እኔ የማየው አባቴን ነው» ብሎ ቀድሞን ሄደ። ያን ጊዜ ከኋላው ሳየው ጠጉሩን ከቀብሩ ወዲህ እንዳልተቆረጠ ልብ አልኩ። በእኛ በኩል ባለደም ደሙን እስኪመልስ ጠጉሩን አይነካም።

ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ። በቀብሩ ዕለት ደረቴን እየመታሁ እንዲህ ብዬ ነበር፦

ገብሱ ደረሰ አሉኝ አጫጁ ግን ጠፋ፣
ወንድ ወለድኩ ብዬ ስጠብቅ በተስፋ።

ለሞተው ያልኩ መስሎኝ ነበር። የሰማው ግን የቆመው ነው። ኋላ ልጄን «የሐዘን ቃል ነው፣ እርሳው» ብዬ ብለምነው «አንቺ ብትረሺው አገሩ አይረሳውም» አለኝ።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። የገዳዩ ዘመዶች ገና በአርባው ሽማግሌና ቄስ ልከው እርቅ ለምነዋል። ደም የሚደርቀው በእርቅ እንደሆነ ከሕፃንነቴ አውቃለሁ። ነገር ግን ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ ሕግ አለ፣ ብዬ ከደጅ መለስኳቸው።

ሌሎች ምስክሮች ተሰምተው ፍርዱ ተነበበ፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። በረንዳው ላይ ጠበቃው ተከትሎኝ መጣ።

«እናቴ፣ እሱ ገባ። ውጭ ያለው ወንድሙ ነው። ፍርድ ሰው ያስራል እንጂ ደም አያደርቅም። ሽማግሌዎቹን ይቀበሉ።»

«አንተ ነህ ደግሞ የምትመክረኝ?» ብዬው ሄድኩ።

ቤት ስንደርስ ልጄ ጫማውን እየፈታ፣ ውኃ አቀብዪኝ እንደማለት ባለ ድምፅ፣ «እሱን መንግሥት ወሰደው። ለእኔ የቀረልኝ ወንድሙ ነው። ቅዳሜ ገበያ መውረዱ አይቀርም» አለ። ወደ ጓደኛው ዞርኩ፤ ቀልድ የማያጣው ልጅ መሬት መሬት ያያል።

በማግሥቱ፣ ሐሙስ፣ ለማንም ሳልነግር ጉና ወጣሁ። ባለደምና ባለደም ደጅ ለደጅ አይተያዩም። የገዳዩ ወንድም ድንች ሲለቅም አገኘሁት፤ ሲያየኝ በትሩን አነሣ፤ ሚስቱ ልጇን ጎትታ ወደ ቤት አስገባች።

«እኔ እርቁን እቀበላለሁ» አልኩት። «ልጄ ግን አልተቀበለም። ቅዳሜ ገበያ አትውረድ።»

«እናቴ፣ ልጅዎ እንደሚመጣ አላውቅም ነበር» አለ በቀስታ። «አሁን ግን አወቅሁ።»

ልጄን ላድን ሄጄ ቀኑን ለጠላቱ ነግሬ እንደመጣሁ የገባኝ ቁልቁለቱን ስጀምር ነው። ዓርብ ጠዋት በሩን ያንኳኳሁት የዚያኑ የረገምኩትን ጠበቃ ነው። አልወቀሰኝም፤ ኮቱን ለብሶ ሽማግሌዎቹን ሊፈልግ ወጣ።

ያ ቅዳሜ አለፈ፤ የገዳዩ ወንድም ጥላ ገበያ ላይ አልታየም። ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ ይመላለሳሉ፤ ወንድሙ «መጀመሪያ ልጁ ይማልልኝ» ይላል፤ ልጄ መልስ አይሰጥም። ከእናቱ ጋር የሚሄድን ሰው አይመቱም ይባላል። እናም ገበያ በዋለ ቁጥር ልጄ ሲወጣ እወጣለሁ፤ ከጉና በሚመጣው መንገድ በኩል ሆኜ ከጎኑ እሄዳለሁ። «እማዬ፣ ተመለሺ» ይለኛል። አልመለስም። እርምጃውን ሲያፈጥን እኔም አፈጥናለሁ።