ቀይ ውሃ ውስጥ እናትና ልጅ

ጊዜው መስከረም ነበር፤ ዝናቡ ገና አልለቀቀም። ጊቤ ቀልቷል፣ እጃችሁን ብትከቱ ጣታችሁን አታዩም። ጀልባው ላይ ያለነው ከሆሳዕና የመጣች ምሕረት የምትባል ኢንጂነር፣ ቀዛፊው ላምቤቦና እኔ ነን። እሷ የመጣችው ጎርፍ የድልድዩን ምሰሶ ከሥሩ ቦርቡሮት እንደሆነ ልታይ ነው። እኔ ጠመንጃ ይዤ ከጉማሬ እንድጠብቃቸው ተቀጥሬያለሁ። ጉማሬ ሣር በል ስለሆነ የዋህ ነው የሚሏችሁን አትስሙ፤ እነሱ ሬሳ አውጥተው አያውቁም።

ምሕረት ያመጣችው መሣሪያ ውሃው ውስጥ ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ያገኘውን ነክቶ ሲመለስ ስክሪኑ ላይ ስዕል ይሆናል።

«አልትራሳውንድ ይበሉት፣ ጋሼ» አለችኝ።

«ታዲያ ወንዙ ስንት ወሩ ነው?» አላት ላምቤቦ።

እኛ አገር ቀዛፊ ጉማሬ ያለበት ውሃ ሲገባ የጀልባውን ጎን በመቅዘፊያ ያንኳኳል፤ ጉማሬው ሰምቶ እንዲርቅ ነው። ምሕረት ግን «ስዕሉን ይረብሽብኛል፣ ዝም በሉልኝ» አለች። ላምቤቦ ማንኳኳቱን ተወ። ጀልባውን በረጅም ገመድ ምሰሶው ላይ አስረን ቀስ እያልን ወረድን።

ስክሪኑ ላይ፣ ምሰሶው ሥር በሬ የሚያስተኛ ጉድጓድ ታየ። ያደንነው እሱን ነበር። ወዲያው በስተቀኛችን አንድ ክብ ነገር ከነጥላው መጣ።

«ድንጋይ ነው» አለች።

ድንጋዩ እግሩን አነሳ። የጉማሬ ግልገል ነው።

«እናቱን ፈልጊ» አልኳት።

መሣሪያውን ወደ ግራ አዞረች። እናቲቱ እዚያ ነበረች። መሃላቸው ገብተናል።

ላምቤቦ ሊያንኳኳ መቅዘፊያውን አነሳ። እጁን ያዝኩት።

«አሁን ካንኳኳህ የምትነሳው እኛን ገልብጣ ነው። ገመዱን ሳብ።»

ጠመንጃዬን አቀባበልኩ። ወዴት ልተኩስ? ከላይ ያለው ቀይ ውሃ ብቻ ነው። ላምቤቦ ጀልባውን ወደ ምሰሶው ይስባል፤ ምሕረት ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ትናገራለች፤ «መጣች… ቆመች… ግልገሉ በኋላችን እያለፈ ነው።»

ድንገት የእናቲቱ ጆሮና አፍንጫ አጠገቤ ብቅ አለ። ትንፋሿ ፊቴን አራሰው። ጣቴ ምላጩ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ አይተኩሱ። ተገናኝተዋል።»

አልተኮስኩም። እናቲቱ ጠለቀች፤ ውሃው ተከደነ።

ጉድጓዱ በበጋው በድንጋይና በኮንክሪት ተሞላ፤ ዛሬ ድልድዩ ላይ አይሱዙ እህል ጭኖ ያልፋል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከሸበትኩ በኋላ ነው፤ አሁን የስክሪኑን ጥላም ማንበብ ለምጃለሁ። የመንደሩ ሰው «ወንድ ከሆንክ ጉማሬዋን ግደልልን» ይለኛል። ወሬ ነው። ሰው ውሃ ላይ የሚተኩሰው ከሥሩ ያለው ሲጠፋው ነው። እኔ እናትና ልጅ የት እንደሚተኙ አውቃለሁ፤ ጀልባውን በሌላ በኩል አወርዳለሁ።