ሁለቱን ቃላት አልለውጥም ያሉት እትዬ ያልጋነሽ

ወይዘሮ ያልጋነሽ ተሰማ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት አትላንታ አጠገብ፣ ስኮትዴል በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ልባቸው ከደከመ ቆይቶ ነበር። ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅና ሰንበት ሳይገባ ቀብረናቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ዓርብ በመጣ ቁጥር «ቶሎ በሉ፣ ፀሐይ ማንንም አትጠብቅም!» እያሉ ሲያጣድፉን የኖሩ ሴት፣ በቀብራቸውም ዕለት እንዲሁ አጣደፉን። ሳትደርሱ የቀራችሁ እንዳትቀየሙ፤ በሥርዓታችን ቀብር አይዘገይም። በደንዉዲ አብራችኋቸው ለሠራችሁ፣ በሮዝዌል ላላችሁ ወዳጆቻቸው፣ በአንድ ሕንፃ ለኖራችሁ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ይህን የምጽፍላችሁ ተማሪያቸው ትዕግስት ነኝ።

እትዬ ያልጋነሽ የተወለዱት ጎንደር፣ ወገራ ውስጥ ነው። ቤተ እስራኤል ናቸው፤ እኔም እንዲሁ። ወንድሞቻቸው በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጡ እሳቸው የታመሙ እናታቸውን ለማስታመም ቀሩ። ከዚያ በኋላ መንገዱ አልገጠማቸውም። ባላቸው ዲቪ ሲደርሳቸው አብረው አትላንታ መጡ፤ ባላቸው ሲሞቱም እዚሁ ኖሩ። ዕድሜያቸውን የጠየቀ ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነበር፦ «ፓስፖርቴ ስልሳ ስምንት ይላል፤ እኔ ግን አልተስማማሁም።»

ደንዉዲ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ነርስ ሆነው ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። ሃይስኩል ሳለሁ አንድ ሰመር እዚያ ቮለንቲር ሳደርግ ሥራቸውን በዓይኔ አይቻለሁ። አእምሯቸው የከዳቸው አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ልብሳቸውን ሰው ሲነካው ይጮኻሉ። ሌሎቹ ሠራተኞች ለሁለት ይዘዋቸው ነበር የሚያጥቧቸው። እትዬ ያልጋነሽ ግን ወንበር ስበው ፊት ለፊታቸው ይቀመጡና በአማርኛ ያወሯቸዋል። ባልቴቷ አንዲት ቃል አይገባቸውም፤ ጸጥ ግን ይላሉ። «ሰው ስታጥቢ ዓይንሽ ከፊቱ አይነሣ፤ ገላው የራሱ ነው» አሉኝ። አሁን ነርሲንግ እየተማርኩ ነው። ከመምህሮቼ መካከል ይህን የሚያክል ነገር የነገረኝ እስካሁን የለም።

ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ሐና፣ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት፣ በለቅሶው ላይ የነገረችንን ደግሞ ልንገራችሁ። ኦፕሬሽን ሆና ሆስፒታል የተኛችው ቅዳሜ ቀን ነበር። እትዬ ያልጋነሽ በሰንበት መኪና ውስጥ አይገቡም፣ ዕቃም አይሸከሙም። አንድ ሰዓት ተኩል በእግራቸው ሄደው፣ ላብ በላብ ሆነው ክፍሏ ገቡ። «ሰንበት ነውና ምንም አልያዝኩልሽም፤ ራሴን አመጣሁልሽ» አሏት። ሐና ይህን ስትናገር አልቅሳ አስለቀሰችን።

እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። እሑድ እሑድ ጠዋት ኦሪቱን ዘርግተው በአማርኛ ያስነብቡኛል፤ ስሳሳት ደግሞ ምሕረት የለም። «እንግሊዝኛሽ ይሮጣል፣ አማርኛሽ ያነክሳል» ይሉኛል። ይህን ጽሑፍ ቢያዩት ስንት ቦታ እንደሚያርሙኝ እግዜር ይወቀው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

በምኩራባችን ያሉ ልጃገረዶች ሃይስኩል ጨርሰው ኮሌጅ ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት ኢየሩሳሌም ሄደው ሃይማኖት ይማራሉ። ሴሚናሪ ይሉታል። ሕጉን፣ ጸሎቱን፣ ኦሪቱን ሲያጠኑ ይከርማሉ። ጓደኞቼ ሁሉ ሊሄዱ ነው፤ እኔም ሌላ ምኞት አልነበረኝም። እናቴ «መጀመሪያ ነርሲንግሽን» ስትል ከርማ በመጨረሻ «እንግዲህ ከተቀበሉሽ ሂጂ» አለች። አፕላይ አደረግኩ።

በሕጋችን አይሁድነት የሚቆጠረው በእናት በኩል ስለሆነ፣ ትምህርት ቤቱ የእናቴን ወገን ከሚያውቅ ሰው የምስክርነት ደብዳቤ ጠየቀ። የእናቴ አባት ቄስ ይርጋ በወገራ የመንደራቸው ቄስ ነበሩ። እትዬ ያልጋነሽ በልጅነታቸው እግራቸው ሥር ተቀምጠው ኦሪት ሰምተዋል። ከእሳቸው የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? በእንግሊዝኛ ይጻፉት ብላቸው «በእንግሊዝኛ ገላ አጥባለሁ፤ ምስክር የምሰጠው ግን በአማርኛ ነው» አሉኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ በእጃቸው ጻፉ። የተረጎሙት ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ታክሲ የሚነዱ፣ የሕንፃችንን ሰው ወረቀት ሁሉ የሚተረጉሙ፣ ጸሎተኛ ፕሮቴስታንት። ዴድላይኑ ደርሶብኝ ትርጉሙን ሳላነብ ሰብሚት አደረግኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኢሜይል መጣ። ትሕትና የሞላው ነው፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። አያቴ የክርስቲያን ካህን እንደነበሩና በእስላም መስጊድ ያገለግሉ እንደነበር ከደብዳቤው ተረድተዋል፤ ስለዚህ ቦታውን ከመስጠታቸው በፊት ማብራሪያ ይፈልጋሉ።

የኛ ሰው የሃይማኖት አባቱን ቄስ፣ የጸሎት ቤቱን ደግሞ መስጊድ ነው የሚለው፤ ከጥንት ጀምሮ። ይህን ጋሽ ደምሴ ከየት ይወቁት? ሮጬ ሄድኩባቸው።

«እኔ ምን ላድርግ ልጄ? ቄስ ፕሪስት ነው፣ መስጊድ ሞስክ ነው። አልጨመርኩ፣ አልቀነስኩ!»

«ታዲያ ግራ አልገባዎትም?»

«ገብቶኛል እንጂ! ግን ዘመኑን አላውቀው፣ ሰው የፈለገውን ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።»

ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ያን ቀን ግን እያለቀስኩ ነበር እትዬ ያልጋነሽ ቤት የገባሁት። አንሶላ እያጠፉ ነበር።

«በእናትዎ እትዬ፣ ረቢ ብለው ይጻፉልኝ። መስጊዱንም ሲናጎግ ይበሉት። ሁለት ቃል እኮ ናት! አለዚያ ሪጄክት ሊያደርጉኝ ነው።»

«ቄስ ይርጋ ረቢ አልነበሩም።»

«ምን ልዩነት አለው? ሥራው አንድ ነው!»

«ልዩነቱማ ስማቸው ነው። አያትሽን በሰው ስም ጠርቼ አላስገባሽም። እንዲያ ሆነሽ ከገባሽ የገባችው አንቺ አይደለሽም።»

«እርስዎን ምን ቸገረዎት? የምቀረው እኔ!»

ይህን አልኳቸው። ኢየሩሳሌምን ሳያዩ ለቀሩ ሴት «የምቀረው እኔ» አልኳቸው። የያዙትን አንሶላ አጥፈው ጨረሱ። እኔም በሩን ወርውሬው ወጣሁ፤ አሥር ቀን ሙሉ አኮረፍኳቸው።

እሳቸው ግን አላኮረፉም። ጋሽ ደምሴን ይዘው ለትምህርት ቤቱ አጻፉ፤ በቪዲዮ እንነጋገር ብለው ቀጠሮ አስያዙ። እሑድ ጠዋት ጋሽ ደምሴ ክራቫት አስረው በራችንን አንኳኩ። «ነይ፣ ፍርድ ቤት ቀርበናል» አሉኝ። ስገባ እትዬ ያልጋነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ ደግ ፊት ያላቸው ሴት፣ በእንግሊዝኛ ጠየቁ፦ ይህ ቄስ የሚባሉት ሰው ሥራቸው ምን ነበር?

 እትዬ ያልጋነሽ እንዲህ አሉ፦ «ልጅ ሳለሁ ሹሞቹ ገበያውን ወደ ቅዳሜ አዛወሩት። እኛ ሸክላ ሠርተን ሸጠን የምንበላ ሰዎች ነን። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ አንወጣም። ሸክላችን ቤት ተቆለለ። ቄስ ይርጋ ገበያ አትውጡ ብለው አልጮኹብንም። ገብሳቸውን ለመንደሩ አከፋፈሉ፤ ሲያልቅም ከእኛው ጋር ተራቡ። እኛ ቄስ የምንለው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። መስጊድም ያልነው ስለምንሰግድበት ነው። እስላሙም ይሰግዳል፣ እኛም እንሰግዳለን፤ ቃል የአንድ ሰው ርስት አይደለም።»

ጋሽ ደምሴ ላባቸውን እየጠረጉ ቃል በቃል ተረጎሙ። ቀጥለው እትዬ ያልጋነሽ ተነሡ፤ ከቄስ ይርጋ የተማሩትን የሰንበት ጸሎት በግዕዝ አሰሙ። ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን አወለቁና «ይሄን እኔ አልችልም» አሉ። ኃላፊዋም እንዲተረጎም አልጠየቁም፤ ጸሎቱ እስኪያልቅ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። በሁለተኛው ሳምንት መቀበያ ደብዳቤዬ መጣ። ቄስ የሚለው ቃል እንዳለ፣ ሳይተረጎም ተጽፎበታል።

ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ «ምኑን?» አሉኝ። «አኩርፌዎት ነበር እኮ» ስላቸው «ሥራ በዝቶብኝ አላየሁሽም» አሉ። አስቀምጠው በኩርፊያዬ ያለፈኝን ምዕራፍ አስነበቡኝ።

እትዬ ያልጋነሽ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ለእርስዎ ነው። ሰው ሁሉ ቢሰማውም ይስማው።

ኢየሩሳሌም በገባሁ በመጀመሪያው ሰንበት፣ ማዕድ ላይ አንዷ ልጅ አያቴ ምን እንደነበሩ ጠየቀችኝ። ጠረጴዛው ሙሉ ልጃገረድ ያየኛል። «ረቢ ነበሩ» አልኩ። ዓመቱን ሙሉ እዚያ ረቢ ሆነው ቀሩ። እርስዎ ዓርብ ዓርብ ሲደውሉልኝ፣ ስለ ከተማዋ እንኳ ሳይጠይቁኝ፣ «ስለ ቄስ ይርጋ ነገርሻቸው?» ይሉኝ ነበር። «ነግሬያቸዋለሁ» እልዎት ነበር። «ጎሽ የኔ ልጅ» ይሉኝ ነበር። ከተመለስኩ በኋላም ስንት እሑድ አብረን ተቀመጥን! ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ቀደሙኝ።

ከቀብርዎ በማግሥቱ፣ ሰንበት እንደወጣ፣ ለእነዚያ ልጆች ለሁሉም ጻፍኩላቸው። አያቴ ቄስ ይርጋ እንደነበሩ፣ በመስጊድ ይጸልዩ እንደነበር፣ ረቢ ያልኩትም ስላፈርኩ እንደሆነ ነገርኳቸው። እርስዎ በሕይወት ሳሉ ላደርገው ይገባኝ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ። ደህና ይሁኑ እትዬ። ቄስ ይርጋን ሲያገኟቸው «የልጅ ልጅዎ ዘግይታም ቢሆን በስምዎ ጠራችዎት» ይበሉልኝ።