የታላቅ ወንድም ክንፎች

መነጽር ሠሪው የሰው ስህተት አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። እንግድነት በሄደበት ቤት የተጣመመ ፎቶ ካየ ተነስቶ ያቃናል። ሚስቱ እንደምትምል ከሆነማ፣ በሰው ሠርግ መሀል ገብቶ የሙሽራውን ከረባት አስተካክሏል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እሱ ነው። ሥራውን አይችልም አይባልም፤ ይችላል። ጣጣውም ከዚሁ ይመጣል፤ ሌላው ሰው ሁሉ የማይችል ይመስለዋል።

ታላቅ ወንድሙ አናጺ ነበር። ታሞ ሲነሳ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረና የእንጨት ሥራ ቤቱን ዘጋ። ሚስቱም መሣሪያዎቹን ሸጠን እንገላገል እያለች ትነዘንዘዋለች። ግድግዳ እያየ ከሚውል ብሎ መነጽር ሠሪው አንድ ሳጥን ገዝቶለት መጣ፤ ተገጣጥሞ የሚበር የሮኬት አምሳያ ነው፣ በአንድ ሞተር የሚሠራ፣ ቁመቱ ክንድ የሚያህል። አናጺው ግን ገና ሳይጨርሰው አንድ ሞተር አነሰኝ አለ።

"ባለ ሁለት እናድርገው። የታችኛው ነዶ ሲያልቅ እሳቱ የላይኛውን ይለኩሰዋል፤ ታችኛው ይወድቃል፣ ላይኛው ይቀጥላል። ይሄ ከበረረ እጄ አልሞተም ማለት ነው፣ ሥራ ቤቴን እከፍታለሁ።"

ከታች ሌላ ቱቦ ቀጠሉለት። ጭራው ስለከበደ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ትልልቅ ክንፎች አስፈለጉት፤ የአምሳያውን መልክ እንዳያበላሹም ብርሃን ከሚያሳልፍ ፕላስቲክ ቆረጧቸው። ማጣበቁ የአናጺው ድርሻ ሆነ። መነጽር ሠሪው አጠገቡ ተቀምጦ ያያል፤ የወንድሙ እጅ ይርገፈገፋል፣ ሙጫው ይንጠባጠባል።

"ጥሩ ነው፣ ጋሼ" አለ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

ከዚያ ቀለም ልቀባው ብሎ ሮኬቱን ወደ ሱቁ ወሰደው። ቀለሙን ቀብቶ ቢመልሰው ምን ነበረበት? ክንፎቹን በምላጭ ነቀላቸው፣ ሙጫውን ፍቆ ጠረገ፣ ለመነጽር በሚጠቀምበት ፈጣን ሙጫም መልሶ አጣበቃቸው። አንድ ጠብታ እንኳ አይታይም፤ ያማረ ሥራ ነበር። ለሱ ብዬ ነው እያለ ራሱን አሳመነ።

ቅዳሜ ዕለት ሜዳው ላይ አናጺው ሮኬቱን ተቀብሎ አገላበጠው።

"ሙጫውን ጠረግህልኝ እንዴ?"

"ትንሽ አጸዳሁት።"

የአናጺው ሚስት፣ የድሮ ደንበኞቹና የሰፈሩ ሰው ዳር ይዘው ቆመዋል። አናጺው ማስነሻውን ተጫነ። ሮኬቱ እያፏጨ ተነሳ፤ ከቤት ጣራ ብዙም ሳያልፍ ግን አንዱ ክንፍ ተገንጥሎ ወረደ። ሮኬቱ በጎኑ ተጋደመ፣ እንደተጋደመም ሁለተኛው ሞተር ተለኮሰና ሜዳውን ሰንጥቆ ከአጥሩ ግንብ ጋር ተላተመ። ደግነቱ ሰው አልነካም። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

"እጄ ነው" አለ አናጺው፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ። "ወንድሜ የሠራው አንድም አልተበላሸም። ክንፉን ያጣበቅሁት እኔ ነኝ።"

መነጽር ሠሪው የተገነጠለውን ክንፍ ከሣሩ ላይ አነሳ። የመነጽሩ ፈጣን ሙጫ የሮኬቱን ግፊት አልቻለም፤ እንደ ልጣጭ ተላቆ ወጥቷል። ከእጅ አይሻል ዶማ! "የኔ ሥራ ነው" ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? እሱ ግን የሰው ጉድለት ሲለቅም የኖረ ነውና፣ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት የራሱን ማውጣት አቃተው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር። ክንፉን ኪሱ ከተተ።

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አለው። ሱቅ ገብቶ የደንበኛ መነጽር ሲያነሳ እንኳ ያፍራል። ወንድሙ ስልክ ደውሎ "ለመሣሪያዎቹ ገዢ ፈልግልኝ፣ አንተ ሰው ታውቃለህ" ሲለው ግን የሚይዝ የሚጨብጠውን አጣ። ሱቁን እንደከፈተው ትቶ ሄደ።

አናጺውን የእንጨት መላጊያውን በጋዜጣ ሲጠቀልል አገኘው። መነጽር ሠሪው ቁጭ እንኳ አላለም።

"ጋሼ፣ የወደቀው ያንተ ክንፍ አይደለም። አንተ ያጣበቅከውን ነቅዬ እንደገና ያጣበቅሁት እኔ ነኝ። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጥፋቱ አንተ ላይ ሲሆን ዝም አልኩ።"

ይሰድበኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። ቢሰድበው በተሻለው። አናጺው መላጊያውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"የኔ ጠማማ ነበር?"

መነጽር ሠሪው "ነበር" ሊል አሰበ፣ "አልነበረም" ሊልም አሰበ። ሁለቱንም አያውቅም። ከመንቀሉ በፊት ማስመሪያ አላነሳም፣ ወደ ብርሃን አቅርቦም አላየውም። ለማንም ደንበኛ ፍሬም የማይነፍገውን ነገር ለወንድሙ ነፍጎታል።

"አላየሁትም፣ ጋሼ" አለ። "እጅህን ነው ያየሁት።"

አናጺው ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ከተተ።